ዓርብ ዓርብ በሆምስኩል ኮኦፕ ኬሚስትሪ ማስተማር፦ የአንድ የጎን ገቢ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ካውንቲ የምትኖር ኢትዮጵያዊት እናት በሆምስኩል ኮኦፕ (ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ማኅበር) ውስጥ በክፍያ ስታስተምር ያሳለፈቻቸውን ሁለት የትምህርት ዓመታት ይመዘግባል። የእሷም የኮኦፑም ስም ሆን ተብሎ ቀርቷል። የገንዘቡ ቁጥር ከያዘችው ደብተር የተወሰደ ነው።

ጉዳዩ መመዝገብ ያለበት በአንድ ምክንያት ነው። መምህሯ ያቺው ናት፤ ትምህርቱም፣ ቀኑም፣ ሕንፃውም አልተቀየሩም። ሆኖም በመጀመሪያው ሴሚስተር በሰዓት 6 ዶላር እንኳን ሳይደርስ የቀረው ገቢ በዓመቱ ከ28 ዶላር አለፈ። በመካከል የተደረገውን በዝርዝር ማየት ወደዚህ ሥራ ለመግባት ለሚያስብ ሁሉ ይጠቅማል።

ኮኦፕ እንዴት ይሠራል፣ ሕጉስ ምን ይላል

ኮኦፕ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን እየተሰበሰቡ በጋራ የሚያስተምሩበት ማኅበር ነው። አንዳንዱ ልክ እንደ ወንፈል ነው፤ እያንዳንዱ ወላጅ አንድ ክፍል ይይዛል፣ ገንዘብ የሚባል ነገር አይነካም። ሌላው ቀላሉን በወላጆች ተራ እያስያዘ፣ ላብራቶሪን፣ አልጀብራንና ድርሰትን የመሰለውን ግን ለሚከፈለው መምህር ይሰጣል። እዚህ የምናየው ሁለተኛው ዓይነት ነው።

በ50ውም የአሜሪካ ግዛቶች ልጅን ቤት ማስተማር ሕጋዊ ነው፤ የሚለያየው የቁጥጥሩ መጠን ነው። በጆርጂያ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ሴፕቴምበር 1 ለግዛቱ ትምህርት መምሪያ የማሳወቂያ ቅጽ ያስገባል። በዓመት 180 ቀን፣ በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት ተኩል ማስተማር አለበት። ንባብ፣ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ማኅበራዊ ጥናትና ሳይንስ ግዴታ ናቸው። ሕጉ ወላጅ የራሱን ልጆች ብቻ እንዲያስተምር ይወስንና፣ ቀጥሎ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም ጂኢዲ (ከዲፕሎማው ጋር እኩል የሚታይ የፈተና ማስረጃ) ያለው አስጠኚ መቅጠር እንደሚችል ይገልጻል። በኮኦፕ በክፍያ የሚያስተምር ሰው የሚገባው በዚህ በር ነው። የግዛቱን የመምህርነት ፈቃድ ማውጣት አይጠበቅበትም። የትምህርቱ ኃላፊ ግን ምንጊዜም ወላጁ ነው፤ ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) የሚያዘጋጀውም፣ የመጨረሻውን ማርክ የሚያጸድቀውም እሱ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ለወላጅ አለመንገር ኋላ ላይ ጭቅጭቅ ያመጣል።

መነሻው

እናትየዋ አገር ቤት በኬሚስትሪ ዲግሪ ይዛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለች። በዲቪ አሜሪካ ከገባች በኋላ ቅዳሜ፣ እሑድና ሁለት ምሽት በፋርማሲ ቴክኒሺያንነት ትሠራለች። ሁለት ልጆቿን፣ ያኔ የ10 እና የ13 ዓመት፣ ቤት ታስተምራለች። ኮኦፑ 40 ያህል ቤተሰቦች አሉት። ዓርብ ዓርብ የሚሰበሰቡት የአንድ ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍሎችን ተከራይተው ነው። ከቤተሰቦቹ ጥቂቶቹ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው።

ስትገባ እንደማንኛዋም እናት በነጻ ታገለግል፣ ትንንሾቹን ትጠብቅ ነበር። በ2023 መጨረሻ አጋማሽ ላብራቶሪ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ አስተባባሪዋ ከ11 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች ክፍል እንድትከፍት ጠየቀቻት። ክፍያው ምን ያህል እንደሚሆን ስትጠየቅ ይሉኝታ ያዛት። ወላጆቹን ታውቃቸዋለች፤ አንዳንዶቹን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታገኛቸዋለች። ለአንድ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ 12 ዶላር አለች፣ ዕቃውን ጨምሮ፣ ልጁ በመጣበት ቀን ብቻ የሚከፈል። ውል አልነበረም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ

ዘጠኝ ልጆች ተመዘገቡ። ክፍሉ 75 ደቂቃ ሲሆን ለ15 ሳምንት የሚቆይ ነበር። ዘጠኙም ቢመጡ 108 ዶላር ይገኝ ነበር፤ ግን በሳል፣ በጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ በአያት ጉብኝት ምክንያት በአማካይ የሚገኙት ሰባት ነበሩ። ያ 84 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ለክፍሉ ኪራይ 15 ዶላር፣ ለዕቃ በሳምንት 22 ዶላር ገደማ ይወጣል። የሚቀረው 47 ዶላር ነው።

ለ75 ደቂቃ 47 ዶላር መጥፎ አይመስልም፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። እሷ ግን ሰዓቷን ሁሉ ስትጽፍ ነበር። ክፍሉ 1 ሰዓት ከሩብ ይወስዳል። ማዘጋጀትና ማጽዳት ሌላ 1 ሰዓት ከሩብ። ትምህርቱን ማቀድ፣ ሙከራውን ቤት መሞከርና ዕቃ መግዛት 3 ሰዓት። የልጆቹን የላብራቶሪ (በአጭሩ የላብ) ደብተር ማረም 1 ሰዓት። የወላጆችን መልእክት መመለስ ግማሽ ሰዓት። ሲደመር 7 ሰዓት ሆነ፤ በሰዓት 6 ዶላር ከ71 ሳንቲም። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው።

ያልመጣ ልጅ ባለመክፈሉ የደረሰው ጉዳት ከሁሉ የከፋ ነው። ዕቃው ለዘጠኝ ልጅ ተገዝቷል፤ ኪራዩም ሁለት ልጅ ቀረ ብሎ አይቀንስም። የመቅረቱን ኪሳራ ሙሉ በሙሉ የተሸከመችው መምህሯ ናት።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍያውን ከፍ አድርጋ በወር አደረገችው። መቅረት የሚያመጣው ኪሳራ ጠፋ፤ በምትኩ ውዝፍ መጣ። ኤፕሪል ላይ ሦስት ቤተሰቦች የወር ክፍያ ነበረባቸው፤ እሷም ዓርብ ጠዋት ልጅን ተቀብሎ ለእናቱ ስለ ገንዘብ ማንሳት እንዴት እንደሚከብድ አየችው።

የአዮዲኑ ቀን

በመጀመሪያው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ልጆቹ በድንች፣ በዳቦና በፖም ላይ አዮዲን እያንጠባጠቡ ስታርች ይፈልጉ ነበር። ስታርች ካለ ቡናማው አዮዲን ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ክፍሉ ምንጣፍ ነበረው። አንድ ልጅ 30 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ጠርሙስ በክርኑ ገፋውና ወደቀ።

ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ አዮዲን የቫይታሚን ሲ ክኒን በተሟሟበት ውሃ ሲጠረግ ቀለሙ ይጠፋል፤ አስኮርቢክ አሲድ አዮዲኑን ቀለም ወደሌለው አዮዳይድ ይለውጠዋል። ምንጣፉ ውስጥ ዘልቆ የገባው ግን በከፊል ብቻ ለቀቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ለጽዳት 120 ዶላር አስከፈላት። የ15 ሳምንቱ ትርፍ ከ705 ወደ 585 ዶላር ወረደ፤ በ105 ሰዓት ሲካፈል 5 ዶላር ከ57 ሳንቲም።

ሁለተኛው መዘዝ ደብዳቤ ነበር። የሕንፃው ኃላፊዎች ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ ላብ የሚያስተምር ሰው የኃላፊነት ኢንሹራንስ እንዲያመጣ፣ በምስክር ወረቀቱም ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ተጨማሪ ዋስትና ያለው አካል ሆኖ እንዲጻፍ ጠየቁ። የቤት ወይም የተከራይ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ገቢ የሚያስገኝ ሥራን ስለማይሸፍን ለብቻው መግዛት ነበረባት፤ ዓመታዊው 260 ዶላር ወጣ። ሲጠየቅ ቅጣት ይመስላል። በእኛ አስተያየት ግን ከመጀመሪያው ቀን መኖር የነበረበት ነገር ነው፤ የፈሰሰው አዮዲን ባይሆንና አንድ ልጅ ዓይኑ ቢጎዳ ኖሮ 120 ዶላር የሚፈታው ጉዳይ አይሆንም ነበር።

በዕረፍቱ ወራት የተለወጠው

ከጁን እስከ ኦገስት 2024 ባለው ጊዜ 20 ሰዓት ያህል በዝግጅት አሳለፈች። ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያመጣው ለውጥ ያንኑ ትምህርት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መስጠቱ ነው፤ አንዱ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው ከምሳ በኋላ 7 ሰዓት። እቅዱ አንድ፣ ግዢው አንድ፣ ጠረጴዛ ማሰናዳቱም በአብዛኛው አንድ ነው። ሁለተኛ ክፍል የሚጨምረው የማስተማሪያውን ሰዓትና እርማቱን ብቻ ነው። ሁለት የተለያየ ትምህርት ቢሆን ኖሮ ዝግጅቱ እጥፍ ይሆን ነበር። ለጀማሪ ይህን ደጋግመን የምንመክረው ለዚህ ነው።

ዋጋው በሴሚስተር 270 ዶላር ሆነ፣ ማለትም ለአንድ ክፍለ ጊዜ 18 ዶላር። የላብ ዕቃ ለብቻው 45 ዶላር፣ ሲመዘገቡ የሚከፈልና የማይመለስ። የላቡን ገንዘብ ከትምህርቱ ክፍያ መለየት ሁለት ጥቅም አለው። ልጁ ከመጀመሩ በፊት ዕቃው በጅምላ ይገዛል፤ ወላጁም ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ስለሚያይ 315 ዶላር ብሎ በአንድ ላይ ከመስማት ይልቅ በቀላሉ ይቀበለዋል። ለሁለተኛ ልጅ ከትምህርቱ ክፍያ ላይ 10 በመቶ ይቀነሳል። ለዘመድም ለወዳጅም የሚደረግ ሌላ ቅናሽ የለም። ይሉኝታውን ያቃለለላት ወረቀቱ ነው፤ ዋጋው ታትሞ በኮኦፑ የምዝገባ ቅጽ ላይ ስለወጣ ማንም በግል አልተከራከራትም።

ውሉ አንድ ገጽ ነበር። 50 ዶላር ቀብድ እስከ ጁላይ 15፣ ቀሪው ከመጀመሪያው ክፍል በፊት፣ ወይም ግማሹ ያኔ ግማሹ በስድስተኛው ሳምንት። እስከ አራተኛው ሳምንት ያቋረጠ የቀሪዎቹን ሳምንታት ግማሽ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ተመላሽ የለም። ልጅ በሕመም ቢቀር ማካካሻ ክፍል አይኖርም፣ የሙከራው ወረቀት ይላክለታል። መምህሯ ከቀረች ማካካሻ ትሰጣለች ወይም የዚያን ቀን ትመልሳለች። ትኩሳት ያለው ልጅ አይመጣም። በኦገስት 1 ስድስት ልጅ ያልሞላ ክፍል ይሰረዛል፣ ቀብዱም ይመለሳል። የመጨረሻዋ መስመር ኋላ ላይ እንደምናየው ከኪሳራ አድናታለች።

ክፍሉ ሴራሚክ ወለል ወዳለው ክፍል ተዛወረ። በአንድ ክፍል ከ10 ልጅ በላይ አይገባም፤ ሁለት ሁለት ሆነው አምስት ጠረጴዛ ይሞላሉ። በአንድ ዓይን አምስት ጠረጴዛ ይታያል፣ ስድስተኛው አይታይም። በየሳምንቱ አንድ ወላጅ በተራ ረዳት ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ኮኦፑ የሚጠይቀውን ከአንድ በላይ አዋቂ በክፍሉ መኖሩንም ያሟላል። እሷም እንደ ሌሎቹ ተከፋይ መምህራን የወንጀል ታሪክ ምርመራ አድርጋለች። ለወላጆች የሚላከው መልእክት ዓርብ ማታ አንድ ብቻ ሆነ፦ የተሠራው፣ የቤት ሥራው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከቤት የሚያመጡት። በሳምንቱ መሀል የሚመጣ ጥያቄ በዚያው መልእክት ይመለሳል።

አንድ ክፍል በቅርብ፦ ቀይ ጥቅል ጎመን

ለውጡ በተግባር እንዴት እንደሚታይ ለማሳየት የአሲድና የቤዝ ትምህርቷን እንውሰድ። በመጀመሪያው ዓመት ዓርብ ጠዋት በ11 ሰዓት ተነስታ ጎመን ትቀቅል ነበር። ቤቱም መኪናውም ይሸታል፤ ፈሳሹ ገና ትኩስ ሆኖ ይደርሳል። አንድ ቀን ከኮኦፑ የቧንቧ ውሃ ጨምራ ስታቀጥነው ሐምራዊ መሆን የነበረበት ቀለም ሰማያዊ ሆነባት፤ የቧንቧ ውሃ ብዙ ጊዜ በመጠኑ አልካላይን ነው። ልጆቹ ማነጻጸሪያ አጡ።

በሁለተኛው ዓመት አሠራሩ ይህ ነበር። አንድ ኪሎ የሚመዝን ቀይ ጥቅል ጎመን በደቃቁ ይከተፋል። አንድ ሊትር ተኩል የፈላ የተጣራ ውሃ ይፈስበታል፤ ከሱቅ በጋሎን የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ መሆን አለበት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀመጥና በወንፊት ይጠለላል። ከአንድ ሊትር በላይ ጥቁር ሐምራዊ ፈሳሽ ይወጣል። ይህ በፍሪጅ ውስጥ በጥቂት ቀን ስለሚበላሽ በበረዶ መሥሪያ ትሪ ይቀዘቅዛል፤ የእሷ ትሪ አንዱ ጉድጓድ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ለሁለት ልጆች ሦስት ኩብ ይበቃል፣ ይህም በስድስት ትንንሽ ኩባያ 15 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለሁለቱ ክፍሎች፣ ለአሥር ጥንድ፣ 30 ኩብ። ሥራው ሁሉ ከወር በፊት በአንድ ምሽት ያልቃል። ዓርብ ጠዋት ኩቦቹን ክዳን ባለው ዕቃ ማሟሟት ብቻ ነው።

ስድስቱ ኩባያዎች የሎሚ ጭማቂ፣ ኮምጣጤ፣ የተጣራ ውሃ፣ የሳሙና ውሃ፣ ቤኪንግ ሶዳና የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይቀበላሉ። ከቀይ እስከ ሮዝ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ተራ በተራ ይወጣል። በረኪና ፈጽሞ አይገባም። በብዙ ዝርዝር ውስጥ እንደ ጠንካራ ቤዝ ይጠቀሳል፤ ከኮምጣጤ ጋር ሲቀላቀል ግን መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያመነጫል፣ ልጆች ደግሞ በመጨረሻ ሁሉንም ኩባያ አንድ ላይ መድፋት ይወዳሉ። ይህ እንደሚሆን አውቃ ለዚያው ጊዜ ትሰጣቸዋለች፤ ትሪው ላይ ኮምጣጤውና ሶዳው ሲፋጩ አረፋው ይገነፍላል፣ ቀለሙም ወደ ሐምራዊ ይመለሳል። ስለ ኒውትራላይዜሽን፣ አሲድና ቤዝ እርስ በርስ ስለመሻሻራቸው፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለ12 ዓመት ልጅ ማቅረብ ያስቸግራል። የዓይን መከላከያ መነጽር ሁሉም ያደርጋል፤ ጓንት ላቴክስ የሚያሳክከው ልጅ ስለሚኖር ናይትራይል ነው።

የዚህ ትምህርት ዝግጅት በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሰዓት ተኩል ወስዶ ነበር። በሁለተኛው 50 ደቂቃ አልሞላም፣ ለሁለት ክፍል።

የሁለተኛው ዓመት ውጤት

በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር በጠዋቱ ክፍል 10፣ ከሰዓት በኋላ 8 ልጆች ተመዘገቡ። ሦስቱ የወንድም ወይም የእህት ቅናሽ ነበራቸው። የትምህርት ክፍያው 4,779 ዶላር፣ የላብ ገንዘቡ 810 ዶላር፣ ጠቅላላ 5,589 ዶላር ገባ። ወጪው ኪራይ 450፣ መነጽር 120፣ አላቂ ዕቃ 480፣ ኢንሹራንስ 260 (የዓመቱ ሙሉ)፣ ህትመት 70፣ ሲደመር 1,380 ዶላር። የተረፈው 4,209 ዶላር ነው። ሰዓቱ በሳምንት ስምንት ተኩል ሆኖ፣ የዕረፍቱ 20 ሰዓት ሲጨመርበት 147 ሰዓት ተኩል። በሰዓት 28 ዶላር ከ54 ሳንቲም ይመጣል።

ሥራው በሳምንት ከ7 ወደ 8 ሰዓት ተኩል ብቻ ከፍ ሲል ልጆቹ እጥፍ ሆነዋል። ዋጋው ደግሞ ከ12 ወደ 18 ዶላር በመጨመሩ የሸሸ ቤተሰብ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ ልጆች ሰባቱ ተመልሰዋል፣ ሁለቱ ዕድሜያቸው አልፎ ነው የቀሩት።

ውሉ የተፈተነው በስድስተኛው ሳምንት ነበር። አንድ ቤተሰብ ልጁ ፍላጎት አጣ ብሎ ሙሉ ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ። ቤተሰቡ ሐበሻ ነው፤ በእሑድ ቅዳሴም ይገናኛሉ። መምህሯ በስልክ አልተከራከረችም። አስተባባሪዋ ባለችበት ውሉን አብረው አነበቡ፤ ገንዘቡ አልተመለሰም፣ ግን በዚያው ቦታ የ11 ዓመት እህቱ ቀሪውን ዘጠኝ ሳምንት እንድትማር ተፈቀደ። ተስማሙ፤ ልጅቷም በሚቀጥለው ሴሚስተር በራሷ ስም ተመዝግባለች። ውሉን አጥብቆ መያዝና ለሰው መውጫ መተው አብረው እንደሚሄዱ ያሳየን ይህ ነው።

ያልተሳካው

ሁለት ሙከራ ከሽፏል፤ ምክንያታቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ለ10ኛና 11ኛ ክፍል የታሰበው ሙሉ የኬሚስትሪ ኮርስ ነበር። ገቢው የተሻለ ይሆናል ተብሎ ተገመተ፤ እስከ ኦገስት 1 የተመዘገቡት አራት ብቻ ሆኑ። በጆርጂያ ዱዋል ኢንሮልመንት የሚባለው ፕሮግራም የሆምስኩል ተማሪዎችንም ይቀበላል፤ በዋናነት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በግዛቱ ገንዘብ የኮሌጅ ኮርስ ይወስዳሉ። ኮሌጅ ውስጥ ክሬዲት በነጻ ማግኘት የሚችል ልጅ ለኮኦፕ የሚከፍልበት ምክንያት ትንሽ ነው። የኮኦፕ ላብራቶሪ ገበያ ከ5ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ባለው ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ይሳሳል። ቢያንስ ስድስት ልጅ የሚለው መስመር ባይኖር ኖሮ ሚዛኑን፣ ቢዩሬቱን፣ ሪኤጀንቱን ለአራት ልጅ ገዝታ ትገባ ነበር።

ሁለተኛው የአማርኛ ክፍል ነው። ሐሳቡ ከልብ የመጣ ነበር፤ ሐበሻ ወላጆችም ደጋግመው ጠይቀዋል። አምስት ልጆች መጡ፣ ትንሹ የ6፣ ትልቁ የ14 ዓመት። ትንሹ እርሳስ መያዝ እየተማረ ነው፤ ትልቁ የአያቱን ንግግር ይሰማል፣ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው። በአንድ ክፍል ሁለቱን ማስተማር ሁለት ክፍል ማስተማር ሆነባት። ክፍያውንም ወላጆች ከባድ አሉት። በየቤተ ክርስቲያኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል በነጻ ይሰጣልና በዚህ ልንወቅሳቸው አይገባም። ስምንት ሳምንት ሠርታ ዘጋችው።

ኋላ ላይ የተሠራው ከእሱ የተሻለ ነበር። ከ8 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ብቻ፣ አሥር ሳምንት፣ ግቡ አንድ፦ 33ቱን ፊደላት በሰባቱ ድምፅ፣ 231ዱን ሆሄያት፣ ማንበብና የራስን ስም፣ የወላጅን ስም፣ የከተማን ስም መጻፍ። ሰባት ልጆች ተመዝግበው ስድስቱ ጨርሰዋል። አንዷ ልጅ በመጨረሻው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላሉት አያቷ የራሷን ደብዳቤ ጽፋ ፎቶውን ላከች። ገቢው ከኬሚስትሪው ያንሳል። ማለቂያው የታወቀ፣ ግቡም የሚጨበጥ ስለሆነ ግን ወላጆች የከፈሉት ሳያጉረመርሙ ነው።

ግብር፣ ፈቃድና የመንግሥት ድጋፍ

በመጀመሪያው ዓመት 1099 የሚባል፣ ከፋይ የከፈለውን ገንዘብ የሚያስታውቅበት የግብር ወረቀት ከማንም ስላልመጣላት ገቢው የሚታወጅ አልመሰላትም ነበር። ስህተቱ የተለመደ ነው። ወላጅ ለልጁ ትምህርት ሲከፍል እንዲህ ዓይነት ቅጽ የማውጣት ግዴታ የለበትም፤ ገቢው ግን ቅጽ መጣም አልመጣም ይታወጃል። በራስ ሥራ የተገኘ የተጣራ ትርፍ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ትርፍና ኪሳራ ቅጽ) እና ስኬጁል ኤስኢ (የራስ ሥራ ግብር ቅጽ) ይሞላሉ። የራስ ሥራ ግብሩ 15.3 በመቶ ሲሆን፣ የሚሰላው ከትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ነው። በ2023 ትርፏ 585 ዶላር ላይ 83 ዶላር ያህል መጣባት። በ4,209 ዶላሩ ላይ ደግሞ 595 ዶላር ገደማ ነው፤ መደበኛው የገቢ ግብር ከዚህ ለብቻው ይቆጠራል።

የትምህርት ዓመትና የግብር ዓመት እንደማይገጥሙ ልብ ይሏል። የመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተርና የሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ሴሚስተር በአንድ የ2024 ግብር ላይ ይወድቃሉ። ደብተሩ በወር መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

ያደረገችው እንዲህ ነው። ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ የባንክ ሒሳብ ከፈተች። በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) የሚመጣውም ቼኩም ወደዚያ ይገባል፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ 25 በመቶው በዚያው ቀን ወደ ቁጠባ ይዛወራል። በዓመት አራት ጊዜ፣ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃኑዋሪ 15፣ የሚከፈለውን ግምታዊ ግብር በቀላል መንገድ አስቀረችው፦ በፋርማሲው ደብልዩ-4 የሚባለውን፣ ከደመወዝ የሚቆረጠውን ግብር የሚወስነውን ቅጿን አሻሽላ ከደመወዟ ላይ ተጨማሪ እንዲቆረጥ አደረገች። ደመወዝተኛ ለሆነና የጎን ገቢው መጠነኛ ለሆነ ሰው ይህ ከአራት ቀነ ገደብ ያድናል። ከምትኖርበት ካውንቲ የንግድ ሥራ ፈቃድ ያስፈልጋት እንደሆነም ጠይቃ የሚጠየቀውን ከፍላለች፤ ደንቡ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል።

ልጆቿ በፒችኬር፣ በጆርጂያ ግዛት የልጆች የጤና ዋስትና፣ የተሸፈኑ ስለነበሩ አዲሱን ገቢ አስመዝግባለች። የሚቆጠረው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ያለው ትርፍ ስለሆነ ሽፋኑ አልተቋረጠም። ፉድ ስታምፕ ወይም በማርኬትፕሌስ (በመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ገበያ) የታገዘ ኢንሹራንስ ያለው ሰውም ሳያሳውቅ መቅረት የለበትም፤ ኋላ መልስ ከመባል ቀድሞ መናገር ይሻላል።

ለሌላው የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ግዛትም ወደ ሌላ ትምህርትም የሚሻገረው ዋናው ነገር የሰዓት ደብተሩ ነው። መምህሯ ከመጀመሪያው ሳምንት የማዘጋጃውን ሰዓት ባትጽፍ ኖሮ 47 ዶላሩ ጥሩ መስሎ ይቀጥል ነበር። ዋጋ የሚወጣው በጠቅላላ ሰዓት ነው። ጀማሪ የክፍሉን ሰዓት በሦስት አባዝቶ ቢጀምር ከእውነታው ብዙም አይርቅም፤ እሷ በመጀመሪያው ሴሚስተር ያባዛችው በአምስት ተኩል ይጠጋ ነበር፣ ላብራቶሪ ነውና። ሒሳብ ወይም ድርሰት ሲሆን ማሰናዳቱ ያንሳል፣ እርማቱ ይጨምራል። በተለይ የድርሰት መምህር በአንድ ልጅ በአንድ ጽሑፍ 15 ደቂቃ መያዝ አለበት፤ አሥር ልጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ከዋጋው ቀጥሎ የሚመጣው የክፍያው ጊዜ ነው። በመጡበት ቀን መክፈል አደጋውን በመምህሩ ላይ ይጥላል፤ በየወሩ መክፈል አደጋውን ይከፍልና ጭቅጭቅ ይጨምራል፤ በሴሚስተር ቀድሞ መክፈል ከሁሉ ይሻላል፣ በሁለት ጊዜ የመክፈል ዕድል ከተሰጠበት ከባድ አይሆንም። ትንሽ ኮኦፕ ውስጥ የሚጀምር ሰው ዋጋውን በቃል ከመናገር ይልቅ በምዝገባው ቅጽ ላይ ይጻፈው። በተለይ እንደኛ ማኅበረሰብ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ቦታ።

ቦታውን ከመከራየት በፊት ወለሉን፣ ውሃ የሚገኝበትን ርቀት፣ መስኮት መኖሩንና የቤተ ክርስቲያኑን የኢንሹራንስ ጥያቄ ማየት ተገቢ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ የራስን ወረቀት ማየት። በግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለ ሰው ችግር የለበትም፤ ጥገኝነት ጠይቆ የሥራ ፈቃድ ካርድ የያዘም በራሱ መሥራት ይችላል። የሥራ ፈቃድ የሌላት የኤች-4 ቪዛ (በሥራ ቪዛ የገባ ሰው ቤተሰብ የሚያገኘው) ባለቤት ወይም በኤፍ-1 የሚማር ተማሪ ግን ለዚህ ሥራ ገንዘብ ቢቀበል ከቪዛው ውጪ መሥራት ይሆንበታል። ለኮኦፑ በነጻ በተራ ማገልገሉና በምትኩ ለልጆቹ ሌላ ክፍል ማግኘቱም ጥቅም የሚሰጥ ልውውጥ ተደርጎ ሊታይ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ሰው ቃል ከመግባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።